አብዮትን ከውዳሴና ከእርግማን ውጪ ማስተማር

የባሌ ገበሬዎች ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ሰባት ዓመት ያህል ነፍጥ አንስተው ከንጉሠ ነገሥቱ ጦር ጋር ተፋልመዋል። የጎጃም ገበሬዎች በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አንከፍልም ብለው ሲያምፁ መንግሥት ጦር አዘመተባቸው፤ አውሮፕላንም አሰማራባቸው። ዙፋኑ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የቤንዚን ዋጋ ጭማሪ ተቃውመው ሥራ አቆሙ። መምህራንም አድማ መቱ። ዘጠኝ ቀን ቆይቶ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። ሰባት ወር ሳይሞላ ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተጭነው ተወሰዱ። ጠመንጃ ያነሳ ገበሬ ያልነቀነቀውን ዙፋን መሪ የጨበጠ ሹፌር እንዴት ሊነቀንቀው ቻለ?

ይህን ጥያቄ በቅጡ መመለስ የቻለ ተማሪ ስለ አብዮት ብዙ ነገር ገብቶታል። መልሱ በአንድ መፈክር አያልቅም። ስለ ሠራዊቱ፣ ስለ መሬት ሥሪቱ፣ ስለ ዓለም የነዳጅ ገበያ፣ ስለ ትምህርት ፖሊሲው፣ ስለ ወሎ ረሃብ ማወቅን ይጠይቃል። የእኔ አቋምም ከዚሁ ይነሳል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን አብዮትን ማስተማር ያለባቸው መነሻው፣ ሂደቱና ውጤቱ ለየብቻ በማስረጃ የሚመረመር ጥያቄ አድርገው ነው። ይህን ካላደረጉ ተማሪው ከሌሎች የሰማውን ውዳሴ ወይም እርግማን ተሸክሞ ይገባል፤ ያንኑ ተሸክሞ ይመረቃል።

ዛሬ ከታሪክ ትምህርት ክፍል ውጪ ያለ ተማሪ አብዮቱን የሚያገኘው በአመዛኙ በሁለት መንገድ ነው። አንዱ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚወስዱት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ኮርስ ነው። ኮርሱ ከጥንት እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ያለውን ሁሉ በአንድ ሴሚስተር መሸፈን ስላለበት 1966 ላይ ብዙ ሊቆይ አይችልም። ሁለተኛው መንገድ የቤት ወግና ማኅበራዊ ሚዲያው ነው። እዚያ አንዱ ወገን «ለሕዝብ የተሰዋ ትውልድ» ይላል፤ ሌላው «አገር ያፈረሰ ትውልድ» ይላል። ሁለቱም የያዙትን እንደ ዳዊት ይደግሙታል እንጂ አይመረምሩትም። ከዚህ ጉንጭ አልፋ ክርክር ተማሪውን ሊያወጣው የሚችል ተቋም ዩኒቨርሲቲው ነው።

ነገርን ከሥሩ

የአብዮት አጥኚዎች ለረጅም ዘመን የተጠራቀመውን፣ በቅርብ ዓመታት የተባባሰውንና በዕለቱ የፈነዳውን ምክንያት ለይተው ያያሉ። በፓሪስ በደህናው ጊዜ 8 ሱ ይሸጥ የነበረው ባለ አራት ፓውንድ ዳቦ በ1789 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ 14 ሱ ተኩል ገብቶ ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት የከተማዋ ሴቶች ዳቦ ብለው ወደ ቬርሳይ ተጓዙ፤ ንጉሡንም ከነቤተሰቡ ወደ ፓሪስ ይዘውት ተመለሱ። በ1917 እ.ኤ.አ. በፔትሮግራድ የዛሩን መንግሥት የጣለው ንቅናቄ የተጀመረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች በዓለም አቀፍ የሴቶች ቀን ሥራ አቁመው በወጡበት ዕለት ነው።

ነገር ግን ዳቦ በሁለቱም አገር ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ተወዷል፤ ዙፋን አልወደቀም። በ1789 የተለየው ነገር የፈረንሳይ መንግሥት ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ፣ ከ1614 ወዲህ ያልተሰበሰበውን የሦስቱን መደቦች ጉባኤ ለመጥራት መገደዱ ነው። በ1917 ደግሞ የሩሲያ ወታደር በጦርነት ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ስለነበር ሰልፈኛው ላይ ተኩስ ሲባል እምቢ አለ፤ ከሰልፈኛውም ጋር ተቀላቀለ።

ወደ እኛ ስንመጣ ከታክሲ ነጂዎቹ አድማ በፊት የሆነውን ማየት ያስፈልጋል። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈሩ ወታደሮች ምግባችንና ውሃችን ለሰው የሚሆን አይደለም ብለው አምፀው መኮንኖቻቸውን አሰሩ። የውሃ መሳቢያ ሞተራቸው ሲበላሽ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከልክለዋቸው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጉዳዩን እንዲያጣሩ የላኳቸው ጄኔራልም ተያዙ፤ ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውንም እንዲጠጡ ተደረገ። መንግሥት ያመፁትን መቅጣት አልቻለም። ብዙም ሳይቆይ አድማው ወደ ደብረ ዘይት አየር ኃይልና አስመራ ወደነበረው ሁለተኛ ክፍለ ጦር ተዛመተ።

መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የባሌና የጎጃም ገበሬ የገጠመው የታዘዘውን የሚፈጽም ጦር ነበር። የየካቲቱ ሹፌርና መምህር አደባባይ የወጡት ግን ወታደሩ ራሱ ባመፀበት ሰሞን ነው። የነዳጅ ዋጋ የናረው በ1966 መግቢያ ላይ በመካከለኛው ምሥራቅ የተቀሰቀሰው ጦርነት ባስከተለው የዓለም ቀውስ ነው። መምህራኑንና የከተማ ወላጆችን ያስቆጣው ደግሞ የትምህርት ዘርፍ ጥናት የተባለው ዕቅድ ነበር። ዕቅዱ አብዛኛው ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ እንዲቆም ያደርጋል ተብሎ ተፈራ። በዚህ ሁሉ ላይ መንግሥት ሸፍኖት የነበረው የወሎ ረሃብ ጆናታን ዲምብልቢ ባዘጋጀው ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታይቶ የመንግሥቱን ገመና ገልጦት ነበር። ተማሪው እነዚህን ምክንያቶች በየተራ አንጥሮ ክብደታቸውን መመዘን ሲለምድ «አብዮቱን እገሌ አመጣው» ከሚል አባባል ይላቀቃል።

ንድፈ ሐሳብም ይፈተናል

በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የአብዮት ትምህርት ሲነሳ ከሚጠቀሱት ቀዳሚ መጻሕፍት አንዱ ቴዳ ስኮችፖል በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው የፈረንሳይን፣ የሩሲያንና የቻይናን አብዮቶች የሚያነጻጽረው ሥራ ነው። አብዮት የሚመጣው መንግሥት በውጭ ጫና ሲዳከምና ገበሬው ለማመፅ የሚያስችል አደረጃጀት ሲኖረው ነው የሚል ነው ዋና ክርክሯ። መጽሐፉ በወጣበት ዓመት ግን የኢራን ሻህ ወደቀ። ኢራን በጦርነት አልተሸነፈችም፤ ግምጃ ቤቷ በነዳጅ ገንዘብ የደለበ ነበር፤ የተነሳውም ከተሜው እንጂ ገበሬው አልነበረም። ስኮችፖል ከሦስት ዓመት በኋላ ባወጣችው ጽሑፍ የነዳጅ ገቢንና የሺዓ እስልምናን ሚና አክላ ሐሳቧን ዳግም ለማየት ተገደደች።

ይህን ለተማሪ ማሳየት ትልቅ ትምህርት አለው። አንድ ምሁር ዕድሜዋን የሰጠችበትን ሐሳብ አዲስ ማስረጃ ሲመጣ ለፈተና ታቀርበዋለች። የእኛው አብዮትም ለዚሁ ንድፈ ሐሳብ ሌላ ፈተና ነው። ገበሬው አልተነሳም፤ ፓርቲም አልመራውም። ሥልጣኑ ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ከየክፍሉ በተውጣጡ ወታደሮች ወደተቋቋመው ደርግ ቀስ በቀስ ተንሸራተተ። ታዲያ ይህ አብዮት ነው ወይስ መፈንቅለ መንግሥት? ተማሪ ይህን ሲጠየቅ ንጉሡ በወረዱበት መስከረም 1967 ላይ ብቻ ቆሞ ከሆነ መፈንቅለ መንግሥት ይመስለዋል። ወደ የካቲት 1967 ከተሻገረ ግን መልሱ ይለወጣል።

መሬት ላራሹ፣ በየትኛው አገር?

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ሲሰለፉ መፈክሩ አንድ ነበር፤ አገሩ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። በጎጃም አብዛኛው ገበሬ ርስተኛ ነበር። የ1960ው አመፅ መሬቴ በግብር ሰበብ ተለክቶ እንዳይወሰድብኝ የሚል ስጋት ነበረበት። በአርሲ ብዙው አራሽ ጭሰኛ ነበር፤ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬት ያገባል። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ዕርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲያስገባ እርሻ አዋጭ ሆነ። ባለመሬቶችም ትራክተር እየገዙ ጭሰኞቻቸውን አፈናቀሉ። ለድኻው የታሰበው ልማት ድኻውን ከመሬቱ ነቀለ። የገበሬ አመፆችን በትግራይ፣ በባሌና በጎጃም አነጻጽረው ያጠኑት ገብሩ ታረቀ በ1991 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ ይህን የአካባቢ ልዩነት ለመረዳት እጅግ ይጠቅማል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 እነዚህን ሁሉ አገሮች በአንድ ሕግ ጠቀለላቸው። አዋጁን ተማሪ በጥቅሱ ብቻ ሳይሆን አንቀጽ በአንቀጽ ሊያነበው ይገባል። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ። አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው ከ10 ሄክታር ማለትም ከሩብ ጋሻ እንዳይበልጥ ተወሰነ። መሬት መሸጥ፣ ማስያዝና ማከራየት ተከለከለ። የጭሰኛው ኪራይና ለባለመሬቱ የነበረበት ዕዳ ቀረ። ቅጥረኛ ማሠራት ሲከለከል ሌላ መተዳደሪያ የሌላት ሴት፣ በሽተኛ፣ ሽማግሌና ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከክልከላው ወጡ። ቢያንስ በየ800 ሄክታሩ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋምም ታዘዘ። አዋጁን እንዲያስፈጽሙ የተላኩት ደግሞ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ የዕድገት በኅብረት ዘማቾች፣ ማለትም ተማሪዎችና መምህራን ነበሩ።

ከላይ የታወጀው ታች ሲደርስ ምን መልክ እንደያዘ ማየት ለሚፈልግ ዶናልድ ዶንሃም በደቡብ ኢትዮጵያ በማሌ ያደረገውን ጥናት እመክራለሁ። እዚያ አብዮቱን ቀድመው ከተቀበሉት መካከል በሚሲዮን በኩል የወንጌል አማኝ የሆኑ ሰዎች ይገኙበታል። ከነባሩ ሥርዓት ጋር ቀድሞም የተቆራረጡ በመሆናቸው አዲሱን ዘመን ለመቀበል ቅርብ ነበሩ። እግዚአብሔር የለም የሚለውን ርዕዮተ ዓለም ታች ድረስ ያደረሱት እግዚአብሔርን የሚያመልኩ ሰዎች መሆናቸውን ከአዲስ አበባ የሚጻፍ ታሪክ ብቻውን ሊነግረን አይችልም።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ። የመሬት ጉዳይ ግን አብሮት አልወደቀም፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ እንዳይሸጥ ተደነገገ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የተቋቋመው ቀበሌም መንግሥት ተለውጦ ስሙም ሥራውም ቀጠለ። ሥልጣን በአንድ ቀን ይቀየራል፤ የማኅበረሰብ ለውጥ ግን ካመጣው መንግሥት በላይ ይኖራል። ስለዚህ የአብዮት ጥናት ስላለፈው ነገር ብቻ አይደለም። ዛሬ ስለ ሊዝ፣ ስለ ይዞታ ማረጋገጫና ስለ መፈናቀል የሚከራከር የሕግም ሆነ የኢኮኖሚክስ ተማሪ እግሩ ያረፈው 1967 ላይ ነው።

ውጤትን በረጅም ጊዜ መመዘንም ከሌሎች አገሮች እንማራለን። የሄይቲ ባሮች በ1791 እ.ኤ.አ. ተነስተው በ1804 ነፃ አገር መሠረቱ። በ1825 ግን ፈረንሳይ የጦር መርከብ ልካ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሣ እንዲከፍሉ አስገደደቻቸው። በኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ቢቀነስም ነፃነቱን በደም የገዛ ሕዝብ በገንዘብ ዳግም እንዲገዛው ተደረገ። በኢራንም ሻሁን ለመጣል ከተሰለፉት መካከል የነበሩ ሴቶች ሻሁ ከወጣ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በመጋቢት 1979 እ.ኤ.አ.፣ አስገዳጅ ሒጃብን ተቃውመው እንደገና ቴህራን አደባባይ ወጥተዋል። የአብዮት ታሪክ ድሉ በታወጀበት ዕለት አያበቃም።

መጽሐፉን እንደ መመሪያ ያነበበ ትውልድ

ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚገኘው በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ በእገታ ላይ የነበሩ ሚኒስትሮችና መኳንንት የተገደሉት በዚሁ ሕንፃ አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ነው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎች ያን ሰሞን ለመፈንቅለ መንግሥቱ ድጋፍ ተሰልፈው ነበር። ቀጥሎ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ከዚያው ግቢ ዙፋኑን የሚገዘግዝ ንቅናቄ ወጣ። ታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ሲገደል የተሰበሰቡ ተማሪዎች ላይ ተኩስ የተከፈተውም እዚያው ነው።

ያ ትውልድ አንባቢ ነበር። አዲስ አበባ «ስትራግል»፣ ሰሜን አሜሪካ «ቻሌንጅ»፣ አውሮፓ «ታጠቅ» የተሰኙ መጽሔቶች ነበሩት። ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ ያነሳበት አጭር ጽሑፍ በኅዳር 1962 ዓ.ም. የወጣው በተማሪ መጽሔት ላይ ነው፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ይህን ንቅናቄ በጥልቀት መርምረው በ2014 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ዶክተር እሌኒ ዘለቀም በእነዚያ መጽሔቶች የተካሄደው ክርክር በኋላ አገሪቱ የተመራችባቸውን ሐሳቦች እንዴት እንደቀረፀ አሳይታለች።

የዚያን ትውልድ ድፍረትና ለድኻ የነበረውን ፍቅር አከብራለሁ። በስህተቱ ላይ ዛሬ ቆሞ መሳለቅ ነውር ነው። ያም ሆኖ በአብዛኛው የሩሲያንና የቻይናን አብዮት ያነበበው የራሱን አገር ችግር የሚፈታበት መመሪያ አገኛለሁ ብሎ ነው። ለጥያቄው መልስ ቀድሞ ተይዞለት ነበር። ስለዚህ ከዚያው ትውልድ ከወጡት ሁለት ድርጅቶች ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ሲል፣ መኢሶን ለደርግ ሒሳዊ ድጋፍ ሲል፣ ሁለቱም ወገን ማስረጃ የጠቀሰው ከአንድ መደርደሪያ ነበር። ያ ክርክር በመጽሔት አላበቃም። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ደም የመሰለ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶች ሰበሩ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ለሜይ ዴይ ዋዜማ የተሰለፉ በርካታ ወጣቶች አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ። ቀበሌውም እስር ቤት ሆነ።

ዩኒቨርሲቲ ለዚህ መድኃኒት ሊሆን ይችላል የምለው በሌላ ምክንያት አይደለም። በክፍል ውስጥ የተሳሳተ ሐሳብ ዋጋው ዝቅተኛ ውጤት ነው፤ አደባባይ ላይ ግን ዋጋው ነፍስ ነበር። ወጣት ሐሳቡን ቀይሮ «ተሳስቼ ነበር» ማለትን የሚለምድበት ቦታ ካጣ፣ ያልተለማመደውን ነገር በቀውጢ ሰዓት ሊያደርገው አይችልም።

አምስት መጽሐፍ በአንድ ጠረጴዛ

ለሴሚናር የሚሆን ጽሑፍ የለንም ማለት አይቻልም። ክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ»ን ከኢሕአፓ ወገን ጽፈዋል። አንዳርጋቸው አሰግድ «ባጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ»ን ከመኢሶን ወገን ጽፈዋል። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን»ን፣ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»ን ከደርግ ወገን ጽፈዋል። ሕይወት ተፈራ ደግሞ «ማማ በሰማይ»ን አክላ በወጣት ሴት ታጋይ ዓይን አሳይታናለች።

መምህሩ እነዚህን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ተማሪዎቹን መስከረም 1969 ዓ.ም. ላይ ያቁማቸው። በዚያ ወር በመንግሥቱ ላይ የግድያ ሙከራ ተደርጓል፤ በከተማ ውስጥም መገዳደል ተጀምሯል። ማን ቀድሞ ተኮሰ? ከዚያ በፊት ማን ታሰረ? እያንዳንዱ ጸሐፊ ታሪኩን የሚጀምረው ከየትኛው ቀን ነው? የትኛውንስ ቀን ዘለለ? ከዚያ ተማሪዎቹ የዘመኑን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ያምጡ፤ ልዩ ዐቃቤ ሕግ በ1987 ዓ.ም. በተከፈተው የቀይ ሽብር ክስ ለፍርድ ቤት ካቀረባቸው የግድያ ትእዛዞችና ደብዳቤዎች ጋር ያስተያዩት። ይህን አንድ ጊዜ የሠራ ተማሪ፣ ትዝታ ማስረጃ ቢሆንም ብቻውን እንደማይበቃ ይገባዋል። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚለቀቅ ነገርንም በዚያው ዓይን ማየት ይጀምራል።

ጊዜው እያለፈ ነው

የማቀርበው ጥሪ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎች አብዮትንና ማኅበራዊ ለውጥን የሚያነጻጽር ራሱን የቻለ ኮርስ ለታሪክ ተማሪ ብቻ ሳይሆን ለሕግ፣ ለኢኮኖሚክስ፣ ለጋዜጠኝነትና ለፖለቲካ ሳይንስ ተማሪም ይክፈቱ። ፓሪስንና ሄይቲን፣ ፔትሮግራድንና ቴህራንን፣ ነገሌ ቦረናንና ጭላሎን ጎን ለጎን ያስተምሩ። ሁለተኛ፣ የዘመኑ ሰነዶች በወመዘክርም፣ በፍርድ ቤትም፣ በየመሥሪያ ቤቱም ያሉት ተደራጅተው ለተማሪ ይከፈቱ። ፈቃድ ለማግኘት የሚመላለስ ተመራቂ የመመረቂያ ጽሑፉን በሰሚ ሰሚ ለመጻፍ ይገደዳል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥ አስቸኳይ ነው። በየካቲት 1966 ሃያ ዓመት የሞላቸው ሁሉ ዛሬ ሰባን ተሻግረዋል። ታክሲ ነጂው፣ አድማ የመታችው መምህርት፣ የነገሌው ወታደር፣ ዘማቹ፣ መሬት የተወረሰበትና መሬት ያገኘው፣ አሳሪውና ታሳሪው በየቀኑ እየተለዩን ነው። ድርጅት የመሩት መጽሐፍ ጽፈዋል፤ አብዛኛው ሕዝብ ግን አልጻፈም። እያንዳንዱ የታሪክ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ የዘመኑን ሰው በጥንቃቄ ጠይቆ፣ ድምፁን ቀድቶ፣ በጽሑፍ አስፍሮ ለቤተ መጻሕፍቱ ቢያስረክብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማንም መንግሥት ሊጽፈው የማይችለው ታሪክ ይኖረናል።

አንባቢም ድርሻ አለዎት። በአገር ቤትም ሆነ በውጭ የሚኖሩ የዚያ ዘመን ሰው ከሆኑ በእጅዎ ያለውን በራሪ ወረቀት፣ የዘመቻ ማስታወሻ፣ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ አይጣሉት፤ ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ለወመዘክር ይስጡ። ከዚያ በኋላ ከተወለዱ ደግሞ ከቤትዎ ያሉትን አዛውንት ሳይፈርዱ ይጠይቁ፤ የሚነግሩዎትንም በጽሑፍ ያስቀምጡ።